የኩኒዮ መስመር

ኩሪሙራ ዮኪቺ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ዳሌያቸውን የሰበሩት የጎረቤታቸውን ማሳ በአጥር ላይ አሻግረው ሲያዩ ነው። ለሐኪሙ ይህን አልነገሩትም። «ወደቅኩ» ነው ያሉት፤ ውሸትም አይደለም። ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ከቁርስ በኋላ፣ የትራክተር ድምፅ ሰሙ። የጎረቤታቸው የቶሜዞ ትራክተር ነበር። በዚያ ሰሞን ትራክተር የሚያስነሣ ሰው ሥራው አንድ ብቻ ስለሆነ የአትክልት ሳጥን ገልብጠው ወጡበትና አንገታቸውን አሰገጉ። ቶሜዞ ኡሩዩ ገና ቅጠሉ አረንጓዴ እያለ የመቆፈሪያውን ምላጭ እየሞከረ ነበር። ሽማግሌው «ይሄ ሰውዬ አብዷል!» አሉ። ሳጥኑም በዚያው ቅጽበት ከዳቸው።

ከአጥሩ ሥር ወድቀው ያገኛቸው የልጃቸው ባል ኩኒዮ ነው። ሮጦ መጥቶ አጠገባቸው ሲንበረከክ ስለ ዳሌያቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም።

«እንዳትቆፍር» አሉት። «ገና ነው።»

ኡሩይ ሰፋፊ ቅጠል ያለው ተክል ነው። የከተማ ሰው ሆስታ እያለ በደጁ ጥላ ሥር ለጌጥ ይተክለዋል። በሞጋሚ ወንዝ ዳር፣ በዚያ በበረዶ አገር፣ ለጌጥ ብሎ ነገር የለም፤ ኡሩይ የሚተከለው ሊበላ ነው። በጋውን ሙሉ ቅጠሉ ሲንዠረገግ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። መጸው ሲገባ ግን ቅጠሉ ይገረጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይጎብጣል። በውስጡ ያለው ሁሉ ወደ ሥሩ ይወርድና ሥሩ ይተኛል። የመንደሩ ሰው የተኛውን ሥር ቆፍሮ የላስቲክ ቤት ውስጥ ያስገባዋል፤ በሞቀ መደብ ላይ ደርድሮ የሩዝ ገለፈት ይከምርበታል። ሥሩ በዚያ ጨለማና ሙቀት ጸደይ የደረሰ ይመስለውና፣ ውጭ በረዶው መስኮት ሲሸፍን፣ እሱ ጣት የሚያህል ነጭ ቀንበጥ ያወጣል። ማታለል ነው። ሆኖም መንደሩ ቀንበጡን ሸጦ ክረምቱን የሚወጣው በዚህ ማታለል ነው።

የሚያስፈራው ነገር ሁለት ነው። ቶሎ ከቆፈሩት ሥሩ እንቅልፉን አልጠገበምና ቢለማመጡትም አይነሣም። ከዘገዩ ደግሞ በረዶ ይወድቅበትና ማሳው እስከ ሚያዝያ አይታይም። በሁለቱ መሀል ያለው ጊዜ አንዳንድ ዓመት አሥር ቀን ነው፣ አንዳንድ ዓመት ሁለት ቀን። የመቆፈሪያውን ቀን የሚቆርጠው የቤቱ አባወራ ነው። በኩሪሙራ ቤት ለሃምሳ ሦስት ዓመት ቀን ሲቆርጡ የኖሩት ዮኪቺ ናቸው፤ አንድ ዓመትም ስተው አያውቁም። በምን እንደሚያውቁት ለማንም አልተናገሩም። በየጠዋቱ ማሳው ዳር ሄደው ጎንበስ ይላሉ፣ ይመለሳሉ፣ «ገና ነው» ይላሉ፣ ቁርሳቸውን ይበላሉ። አንድ ጠዋት ደግሞ ይመለሱና ቁርሱን ሳይነኩ ቦቲያቸውን ያጠልቃሉ። ያን ጊዜ ቤቱ በሙሉ ይነሣል።

ኩኒዮ የባሕር ዳር ሰው ነው። አባቱ ዓሣ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱ ሦስተኛ ወንድ ልጅ ስለነበረ ለቤቱም ለዓሣውም ትርፍ ነበር። ዮኪቺ ደግሞ ያላቸው አንዲት ሴት ልጅ፣ ሚዋኮ፣ ብቻ ነበረች። ስለዚህ ሲጋቡ እሷ ወደሱ አልሄደችም፤ እሱ ወደሷ መጣ፣ የአባቱን ቤት ስም ትቶ ኩሪሙራ ተባለ። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ጋብቻ የታወቀ ነው፣ ነውርም የለበትም። ቀልድ ግን አያጣውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ኖሮ፣ በዚያ ማሳ ወገቡን ጨርሶ፣ ዛሬም በመንደሩ አፍ «የዮኪቺ አማች» ነው።

እሱ እንኳ ባልከፋ። የከፋው መስመሩ ነው።

በገባ በሦስተኛው ዓመት ነው። ዮኪቺና ሚዋኮ ለቀብር ሌላ ከተማ ሄደው ሲያድሩ ኩኒዮ ብቻውን ቤት ቀረ። ወጣት ነበር፤ ሰው ለመሆን ቸኩሎ ነበር። ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፣ ሌላ ምን ይጠበቃል ብሎ አንድ መስመር ሙሉ ቆፈረና መደብ ውስጥ አስገባው። ጥር ላይ የሌላው ሁሉ ቀንበጥ ስንዝር ሲያልፍ የኩኒዮ መደብ መላጣ ሆኖ ቀረ። ዮኪቺ መጥተው ገለፈቱን ገለጥ አድርገው አዩት፣ መልሰው አለበሱት። «ተኝተዋል» አሉ። ከዚያም እስከ መጋቢት፣ ምንም እንደማይወጣ እያወቁ፣ በየቀኑ ውሃ አጠጡት። ቢቆጡት ኖሮ ይሻለው ነበር። መንደሩ ተራ በተራ እየመጣ መላጣውን መደብ ጎበኘ፤ ከዚያ ወዲህ የማይመጣ ነገር ሁሉ «የኩኒዮ መስመር» ይባላል። አውቶቡስ ሲዘገይ የኩኒዮ መስመር ነው። የቶሜዞ ወንድም አርባ አምስት ዓመቱ ድረስ ሳያገባ ሲቀር የኩኒዮ መስመር ተባለ። እሱ እንኳ በመጨረሻ አገባ።

አሁን ሽማግሌው ሆስፒታል ተኝተዋል። ዳሌያቸው በብረት ተጠግኗል፤ መራመድ እስኪለምዱ ድረስ ከሁለት ወር በፊት ቤታቸውን አያዩም ተብሏል። ዘንድሮ ማሳው ዳር ሄዶ ጎንበስ የሚል ሰው ኩኒዮ ብቻ ነው። ጎንበስ ይላል፤ ምን እንደሚያይ ግን አያውቅም። በዚህ ዓመት ከሳተ አንድ መስመር አይደለም የሚጠፋው፤ ማሳው በሙሉ ነው፤ ክረምቱ ነው። ሃምሳ ዓመቱን የደፈነ ሰው ደግሞ ወጣት ነበርኩ ማለት አይችልም።

ስለዚህ ከማሳው አንድ ቅጠል ቀጥፎ በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ሆስፒታል ይዞ ሄደ።

ኅዳር ገብቶ ስለነበረ የሱሞ ትግል ውድድር ተጀምሯል። ዮኪቺ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አይነቅሉም። የሚናገሩት ታጋዮቹ ከመጋጠማቸው በፊት ጨው እየበተኑ በሚንጎራደዱበት ጊዜ ብቻ ነው። ኩኒዮ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጨው እስኪበተን ጠበቀ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ጋዜጣው ሲገለጥ።

«ቅጠል ነው አባባ። ከሦስተኛው መስመር።»

«ቅጠል መሆኑንማ አየሁት። የተሰበረው ዳሌዬ ነው፣ ዓይኔ አይደለም።»

«መድረሱን አለመድረሱን እንዲያዩልኝ ብዬ ነው።»

ዮኪቺ ቅጠሉን በዘንጉ በኩል ይዘው አገላበጡት። በቴሌቪዥኑ ሁለቱ ታጋዮች ተጋጩ፤ አንደኛው በአፍታ ከክቡ ውጭ ተገኘ። ቅጠሉን መሳቢያው ውስጥ አስገቡት።

«ገና ነው» አሉ።

በማግሥቱ ሌላ ቅጠል ይዞ ሄደ። በሦስተኛውም ቀን። ቅጠሉ በየቀኑ ይለወጣል። መጀመሪያ ጠርዙ ብቻ ገርጥቶ ነበር፤ ከዚያ ቢጫው ወደ መሀል ገባ፤ ከዚያ ወርቅ መሰለና ሆስፒታሉ ውስጥ ያሉት ሕመምተኞች ሁሉ «እንዴት ያምራል!» አሉ። ዮኪቺ ግን ወርቁንም እንደ አረንጓዴው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ገና ነው። ኩኒዮ ወርቁን ትቶ ነጠብጣብ የጣለበትን፣ ቡናማ የሆነውን፣ ጫፉ የተሸበሸበውን እየመረጠ መውሰድ ጀመረ። ገና ነው። አንድ ቀን እንዲያውም ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ ሥጋው አልቆ ደም ሥሩ ብቻ የቀረ የሚመስል ቅጠል አግኝቶ ደስ ብሎት ሄደ። ሽማግሌው በብርሃን አንጻር አንሥተው በቀዳዳው አዩት።

«ይሄን ቀንድ አውጣ ነው የበላው» አሉ።

ነርሷ ሺዮሪ ወጣት ናት፤ ትዕግሥቷ ግን ብዙ ነው። አንድ ከሰዓት መሳቢያውን ከፍታ ቆማ ቀረች።

«አባባ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ቅጠል።»

«እሱስ ገባኝ። ለምን አይጣልም?»

«ገና ነዋ።»

ሺዮሪ ወደ ኩኒዮ ዞረች። ኩኒዮ ጣሪያውን አየ። መሳቢያውን ዘጋችውና ሄደች።

አንድ ቀን ኩኒዮ ቅጠሉን ቤት ረስቶ መጣ። መኪና ማቆሚያው ላይ ደርሶ ነው ትዝ ያለው። ከሆስፒታሉ መግቢያ ግራና ቀኝ ለጌጥ የተተከለ ተመሳሳይ ተክል ነበር። ዙሪያውን ቃኝቶ አንድ ቅጠል ቀጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ሽማግሌው ፊት ሲደርስም እንደ ልማዱ ዘርግቶ አቀረበው። ጨው እየተበተነ ነበር። ዮኪቺ ቅጠሉን ሳይነኩት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ይሄ የኛ አይደለም» አሉ። «ይሄ የሆስፒታሉ ነው። ውሃ ያበዙበታል።»

ኩኒዮ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። ያን ቀን «ገና ነው» እንኳ አልተባለም።

በዚህ መሀል መንደሩ ቆፍሮ ጨረሰ። በየዓመቱ ጥቅምት ሲያልቅ መቆፈር ልማድ ነው፤ ሙቀት ሆነ ቅዝቃዜ የጠየቀ የለም። ዘንድሮ መጸው ሞቃት ነበር። ጉንዳን ኅዳር ላይ ይርመሰመስ ነበር። ሆኖም ሰው ሁሉ ቀኑ ደረሰ ብሎ ቆፈረ፤ የኩሪሙራ ማሳ ብቻ ቢጫ ቅጠሉን ተሸክሞ በቡናማው መሬት መካከል ቀረ። ቶሜዞ በአጥሩ በኩል ባለፈ ቁጥር ይቆማል።

«ኩኒዮ! ዘንድሮስ መስመርህ ስንት ሆነ? ማሳውን በሙሉ ሰጠኸው እንዴ?»

«መንገድህን ሂድ አንተ ሰውዬ።»

«ለኔማ ምን ቸገረኝ። በረዶ ሲወድቅ በአካፋ ስትፈልገው አግዝሃለሁ።»

«አባባ ገና ነው ብለዋል።»

«አባባ የሚያዩት ሱሞ ነው! አንተ ዓይን የለህም?»

ኩኒዮ ተናደደ። የተናደደው በቶሜዞ ስድብ ሳይሆን ቶሜዞ እውነቱን ስለተናገረ ነው። ዓይን አልነበረውም።

ማታ ራት ላይ ሚዋኮ ሾርባውን እየቀዳች እንደ ሁልጊዜው ትጠይቀዋለች። ነገር የማታበዛ ሴት ናት፤ በዚህ የመሰለችው አባቷን ነው።

«አባባ ምን አለህ?»

«ገና ነው አሉኝ።»

«ሌላስ?»

«ትልቁ ታጋይ ተሸነፈ አሉኝ።»

«ሬዲዮው በሦስት ቀን ውስጥ በረዶ ይወርዳል ብሏል።»

«ሰምቻለሁ።»

«እና?»

ኩኒዮ ሾርባውን ጠጣ።

ኅዳር አሥራ ሦስት ቀን ጠዋት ማሳው ነጭ ሆኖ አገኘው። በረዶ መስሎት ነበር። ውርጭ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሯል፣ ፀሐይ ሲነካው መቅለጥ ጀምሯል። የዕለቱን ቅጠል ለመቅጠፍ ወደ ሦስተኛው መስመር ገባና እጁን ሰደደ። ቅጠሉ እጁ ላይ ፈረሰ። እንደራሰ ወረቀት ነው፤ ጣቱ መሀል ሙልጭ ብሎ ቀረ። ሁለተኛውን ሞከረ፣ ያም እንደዚያው። አምስተኛው መስመር ሄደ፤ ሰባተኛው ሄደ። የቅጠሉ ዘንግ ሳይጎተት ራሱ ከሥሩ ይለቃል፤ የሚይዘው ነገር የለም። ሰው የሚባል ፍጡር አንዳንዴ እንዴት ያለ ድንጋይ ነው! ኩኒዮ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጎንበስ ብሎ፣ እየተናደደ፣ ሆስፒታል የሚወስደው አንድ ደህና ቅጠል ፈለገ። አንድም አላገኘም። «ዛሬ ምን ይዤ ልሂድ?» አለ ጮክ ብሎ።

ያን ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ተቀጥፎ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ አርባ ደቂቃ በመኪና ተጉዞ የሚደርስ ቅጠል ምንጊዜም ገና ነው። ሽማግሌው ቀለሙን አላዩም። ቅጠሉ ተይዞ መምጣቱን ነበር ያዩት። ወርቅም ሆነ ቡናማ፣ ሰው ሲቀጥፈው አልለቅም ያለ ቅጠል ገና ሥሩን እያበላ ነው። አብልቶ የጨረሰው ወደ የትም አይሄድም። በየጠዋቱ ማሳው ዳር ጎንበስ የሚሉት ሊያዩ አልነበረም፤ ሊነኩ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ከኋላቸው ቆሞ ጀርባቸውን ብቻ ሲያይ ኖረ። ራሱን በጥፊ ሊመታ ቃጣው፤ እጁ ጭቃ ስለነበረ ተወው።

ወደ ምዕራብ ሲያይ ተራራው የለም። ደመና ውጦታል።

ቤት ገብቶ ቁርሱን ሳይነካ ቦቲውን ሲያጠልቅ ሚዋኮ ጎድጓዳ ሳህኑን እንደያዘች አየችው። ይህን ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ በዓመት አንድ ጊዜ ታየው ነበር፤ በዚህ ሰውዬ እግር ላይ ግን አይታው አታውቅም።

«አባባ ደወለ?»

«አልደወሉም።»

«ታዲያ ማን አለ?»

«እኔ።»

ሳህኑን አስቀመጠችና ጓንቷን ልትፈልግ ሄደች።

ሁለት ቀን ቆፈሩ። ትራክተሩ አሮጌ ነው፣ እየቆመ ያስቸግራል። በመጀመሪያው ቀን ከግማሽ በታች ነበሩ። ሰማዩ ዝቅ ብሎ ጆሮ የሚነካ ይመስል ነበር። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ቶሜዞ አጥሩን ዞሮ በገዛ ትራክተሩ ማሳው ውስጥ ገባ።

«ማን ጠራህ?» አለ ኩኒዮ።

«ማንም። የትራክተርህ ሳል አሳዘነኝ። ሐኪም ጋ ውሰደው።»

«ውለታህን በምን ልመልስ?»

«ዝም በማለት። ደግሞ ለወሬ ይጥመኛል፤ ሰውዬው በረዶ ሊወርድ ሲል የሞተ ቅጠል ሲቆፍር ነበር እላለሁ።»

የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ በረዶው ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ፊት ለፊት የማያሳይ ሆኖ ወረደ። የመጨረሻውን ሥር የጫኑት መብራት አብርተው ነው። ሚዋኮ በዚያው ቀን ከሰዓት ሆስፒታል ደርሳ መጥታ ነበር። የሆነውን እንዲህ ስትል ነገረችው፦

«‹ቅጠሉስ?› አለኝ። ‹የለም› አልኩት። ‹ኩኒዮስ?› አለኝ። ‹እየቆፈረ ነው።› ‹ማን ቆፍር አለው?› ‹ማንም አላለውም።›»

«ከዚያስ?»

«የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገው።»

ኩኒዮ በዚህ ነገር ላይ አሥር ዓይነት ትርጉም አወጣ፤ ዘጠኙ መጥፎ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሄዶ ሲያያቸው ዮኪቺ ስለ ማሳው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ስለ ሆስፒታሉ ሩዝ ተናገሩ፤ ድስቱን የሚጥደው ሰው ሩዝ በልቶ አያውቅም አሉ። ሱሞው አልቆ ስለነበረ የሚሸሸጉበት ነገር እንኳ አልነበራቸውም፤ ሆኖም ዝም አሉ። በሚቀጥለውም ሳምንት ዝም አሉ። መሳቢያው ባዶ ነበር። ሺዮሪ በመጨረሻ እንድትጥለው ፈቅደውላታል።

መደቡ ላይ ያለው ገለፈት ዝም አለ። ኩኒዮ በየማለዳው የላስቲክ ቤቱን በር ከፍቶ ይገባል፣ ሙቀቱን ያያል፣ ቆሞ ያዳምጣል። ሃያኛው ቀን አለፈ። ፈራ፤ እንደ ሕፃን ፈራ። ሌሊት መላጣ መደብ ያልማል። አንድ ጊዜ ገለጥ አድርጎ ለማየት እጁን ሰዶ መለሰው።

በሃያ ስድስተኛው ቀን ጠዋት ገለፈቱ ተሰንጥቆ ነበር። በአንድ ቦታ አይደለም፤ ከዳር እስከ ዳር ነው። ከእያንዳንዱ ስንጥቅ ነጭ፣ ጫፉ ሹል የሆነ ነገር ብቅ ብሏል። ኩኒዮ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና አለቀሰ። ብዙ አይደለም። ከዚያ ቁርሱን ሊበላ ሄደ።

ሳምንት ሳይቆይ፣ አዲሱ ዓመት ሊገባ ሲል፣ ቶሜዞ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ሳያራግፍ መደቡን ከዳር እስከ ዳር አየው። እንደ ልማዱ ቀልድ አልወረወረም። ኮፍያውን ብቻ አወለቀ።

«የኔ ከግማሽ በላዩ ተኝቷል» አለ። «የሁሉም እንደዚያ ነው። ሞቃት ነበራ።»

ኩኒዮ የተንሸራተተውን ገለፈት በእጁ መለሰ።

«ተናገር እንግዲህ። ዘንድሮ የማን መስመር ልንለው ነው?»

ኩኒዮ ይህን ቀን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲጠብቀው ኖሯል። በመኪና ብቻውን ሲሄድ የሚለውን ሁሉ አዘጋጅቶ ነበር፤ አንዳንዱ በጣም ጥሩ ነበር። አሁን ግን ሰውየው ኮፍያውን ይዞ ሲቆም ከዚያ ሁሉ አንዱም ትዝ አላለውም።

«ውሃ አጠጣቸው» አለው። «አንዳንዱ ይነሣ ይሆናል።»

በዚያው ቀን ከሰዓት አንድ እቅፍ ቀንበጥ ቆርጦ፣ በራሰ ጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ሆስፒታል ሄደ። ክፍሉ ሲገባ ዮኪቺ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ ሻንጣቸው ተዘግቶ ጉልበታቸው ላይ ነው። የውጭ ጫማቸውን አጥልቀው ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጥረውታል።

ኩኒዮ ጋዜጣውን ዘረጋ። ሽማግሌው አንዱን ቀንበጥ አንሥተው ጆሯቸው አጠገብ አድርገው ሰበሩት። ቀጭ አለ። አኘኩት። ሌላ አነሡ፤ እሱንም አኘኩት።

«ማጥቀሻ የሚሆን ሚሶ አላመጣህም?» አሉ።

«ረሳሁ።»

«ያለ ሚሶ ምኑ ይበላል?» አሉና ሦስተኛውን አነሡ።

ሺዮሪ ወረቀት ይዛ ገባች። ጫማውን አየች፣ ሻንጣውን አየች፣ በረጅሙ ተነፈሰች።

«አባባ፣ ሐኪሙ ያሉትን ነግሬዎታለሁ። መሻሻልዎ ጥሩ ነው ብለዋል፤ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ቤተሰቡ ተዘጋጅቻለሁ ባለ ቀን መውጣት ይችላሉ። ግን ቀኑን መጻፍ አለብኝ። መቼ ልበል?»

ዮኪቺ እያኘኩ ነበር። ዋጡና አገጫቸውን ወደ ኩኒዮ ወረወሩ።

«እሱን ጠይቂው» አሉ። «በኛ ቤት ቀን የሚቆርጠው እሱ ነው።»

ኩኒዮ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እኚህ ሰው በሰው ፊት ምን ብለው እንደሚጠሩት ያውቅ ነበር፤ የልጄ ባል፣ ከባሕር ዳር የመጣው፣ አማቼ። አሁን ያሉትን ሲሉ እንኳ ዓይናቸው ቀንበጡ ላይ ነበር። ሺዮሪ ብዕሯን እንደያዘች ትጠብቃለች። አንድ ነገር መናገር ነበረበት፤ መሀረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ጠረገ።

«አባባ፣ እስቲ እስከ መስኮቱ ይሂዱና ይመለሱ» አለ።

ሽማግሌው ገላመጡት። ሻንጣውን አስቀምጠው ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። ወደ መስኮቱ የሄዱት ቀጥ ብለው ነው፤ ነገሩ አኮራቸው። መስኮቱ ጋ ሲዞሩ ግን ግራ እጃቸው ተሰዶ መጋረጃውን ጨበጠ። ለአፍታ ነው፤ ሺዮሪ አላየችውም። ወዲያው ለቀው እንደ አባወራ ተመልሰው ተቀመጡ።

«እ?» አሉ።

ኩኒዮ ቀርቦ ያንን ግራ እጅ ያዘ። ጣቶቹ እንደ መጋረጃው የሱንም እጅ ጨመቁት፤ አልለቀቁትም።

«ገና ነው» አለ።

«ምኑ ነው ገና?»

«ገና ነው አባባ።»

«አዲሱ ዓመት እዚህ ያገኘኛል ማለትህ ነው? ከዚህ ሩዝ ጋር?»

«አላውቅም። ነገ መጥቼ አይዎታለሁ።»

ዮኪቺ አፋቸውን ከፈቱ። የሚሉትን ፈለጉ፤ ሃምሳ ሦስት ዓመት የራሳቸው የነበረው ቃል በሰው አፍ ውስጥ ነበር። ሺዮሪ ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ሽማግሌው ጎንበስ አሉ፣ የጫማቸውን ማሰሪያ ፈቱ።